የሳሪሷ ሴትዮ መኪና

ማክሰኞ፣ ኅዳር 10 ቀን 2006

ዛሬም አንዲት ሙሽራ ከእጄ አመለጠች። ቬሎዋን መርጣለች፣ ለክታለች፣ ወገቡ እንዲጠብላት በመርፌ ቁልፍ ይዤላታለሁ። ሁሉም ካለቀ በኋላ ቀና ብላ «መኪናችሁ ጣራው ይከፈታል?» አለችኝ። በር ላይ የቆመውን ጥቁር መርሴዲሳችንን አሳየኋት። «አይ፣ እኛ ቆመን የምንቀረጽበት ነው የምንፈልገው» ብላ ቬሎውንም ትታው ሄደች። ሳሪስ ክፍት መኪና ከነቬሎው የሚያከራይ ቤት ተከፍቷል አሉ። ታዲያ ቃሊቲ ድረስ ማን ይመጣልኛል።

ማታ ለባሌ ነገርኩት። ዘአማኑኤል መኪናውን ይነዳል፣ እኔ የሙሽራ ልብስ ሱቁን እይዛለሁ፤ ከተጋባን ጀምሮ እንጀራችን ይኸው ነው። ለጥር ሰርግ የሚደርስ፣ ጣራው የሚከፈት መኪና መግዛት እንዳለብን ተስማማን። አዲስ ይሁን ያገለገለ በሚለው ብዙም አልተከራከርንም። «ያገለገለ ይሻላል፣ በባንክ ብድር ለምን እንታነቃለን» ያልኩት እኔ ነኝ።

ዓርብ፣ ኅዳር 13

መካኒካችን ቡልቻ አንድ አገኘ። ሳሪስ አቦ፣ ባሏ የሞተባት ሴት ግቢ ውስጥ ሸራ ለብሶ የቆመ። ብርማ፣ የጀርመን ስፖርት መኪና፣ ከኋላም ሁለት ሰው የሚያስቀምጥ። ብዙ አልተነዳም ይላል።

«ምን ዓይነት ሴት ናት?» አልኩት።

«ነርስ ናት» አለኝ።

የጠየቅሁት ሥራዋን አልነበረም።

እሑድ፣ ኅዳር 15

ጾም ገባ። ከቅዳሴ መልስ ከአማኑ ጋር ሳሪስ ሄድኩ። መንገዱ በባቡሩ ሥራ ተቆፋፍሮ አቧራ ስንጠጣ ደረስን።

በሩን የከፈተችልን ራሷ ናት። ፊርዶስ እባላለሁ አለች። ረጅም ናት። ሻሿን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ፣ እርጥብ እጇን በቀሚሷ እያደራረቀች «ልብስ እያጠብኩ ነበር፣ ይቅርታ» አለችን። ሐዘን የከረመባት ሴት አትመስልም። እንዲህ ማለቴ ደግ አይደለም፤ ግን አትመስልም።

መኪናው ቆንጆ ነው። ይህን የምናገረው እዚህ ደብተር ላይ ብቻ ነው። አማኑ ሸራውን ሲገፈው ራሱ ትንፋሹን ዋጠ። ኮፈኑን ከፍቶ ሲጎነበስ እሷ አጠገቡ ቆማ «ይሄኛውስ ምንድነው?» ትለዋለች፣ እሱም እያሳየ ያስረዳታል። እኔን ስለ ሞተር አስረድቶኝ አያውቅም። ጠይቄውም አላውቅ። ከበሩ ኋላ አንዲት ትንሽ ልጅ ብቅ ብላ አየችንና ተመልሳ ገባች። ስለ እሷ አልጠየቅኩም።

የኋላው ወንበር ላይ ስንጥቅ አለ። ትንሽ ነው፣ ግን ስንጥቅ ስንጥቅ ነው።

ወደ ገላን፣ ወደ ኮንዶሚኒየማችን ስንመለስ «አዲስ ብንገዛስ?» አልኩት። ሳቀ። የምቀልድ መስሎታል።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 24

ዛሬም ሳሪስ ሄደ። ባትሪው ደክሟል አለ። ዓርብ ደግሞ ጎማውን ሊነፋ ሄዶ ነበር። ገና ያልገዛነውን መኪና ጎማ! «ሌላ ገዢ እንዳይቀድመን ነው» ይላል።

ያገለገለ መኪና የማይሆንበትን ምክንያት ረጋ ብዬ ልጻፈው፣ በኋላ በንዴት ነው እንዳልባል። የጣራው ጨርቅ ይሳሳል። መለዋወጫው እንደ ልብ አይገኝም። ሌላ ሰው ሲነዳው የኖረ መኪና የዚያን ሰው አመል ይለምዳል። ደግሞስ ባለቤቱ የሞተበት መኪና ላይ ሙሽራ ይቀመጣል? ከሁሉም በላይ ከሰው ስትገዛ ሰውየው አይለቅህም፤ ይደውላል፣ ይመጣል፣ ይሄ እንዴት ሆነ፣ ያ እንዴት ሆነ እያለ። አዲስ መኪና ግን ማንም ያልተቀመጠበት ነው።

ስለ ሴትየዋ አይደለም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 26

ሸሚዙን ላጥብ ኪሱን ስፈትሽ የፀጉር ላስቲክ አገኘሁ። ሮዝ፣ ትንንሽ ዶቃ ያለበት። የእኔ አይደለም፤ እኔ የማስረው በጥቁር ነው። በጣም ትንሽ ላስቲክ ነው። ፀጉሯ ሳሳ ያለ መሆን አለበት። ለካ ሻሽ የማይለያት ለዚህ ነው።

ላስቲኩን መሳቢያዬ ውስጥ ከመቀሶቼ ጋር አስቀመጥኩት። እሱ በረንዳ ላይ ጫማውን እየጠረገ ያፏጫል። እንዲህ ሲያፏጭ ከሰማሁት ስንት ጊዜዬ ነው።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 3

በስልክ ሲያወራ ሰማሁት። ልሰማው ብዬ አይደለም፤ ልብስ ላሰጣ ወጥቼ ነው።

«አትቆጫት፣ እኔ ነኝ የፈቀድኩላት» አለ። ከዚያ ሳቀ። «ቅዳሜ እመጣለሁ በያት።»

አትቆጫት የሚላት የቤት ሠራተኛዋን ይሆናል። እሱ አይደለም የቆረጠኝ። «አንቺ» ይላታል። ገና ምኑም ሳይያዝ አንቺ።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 7

አማኑን ጨርቅ ልገዛ መርካቶ ነኝ ብዬው ቦሌ ሄድኩ፣ መኪና አስመጪው ጋ። መስታወት በመስታወት የሆነ ቤት፣ ወለሉ ላይ የእግሬ አቧራ አሳፈረኝ። ሻጩ ነጭ ክፍት መኪና በፎቶ አሳየኝ፤ የአዲስ መኪና ሽታው እንዲሸተኝ ብሎ ደግሞ እዚያ የቆመ ሌላ አዲስ መኪና ውስጥ አስገባኝ። ፕላስቲኩ ገና ከወንበሩ ላይ አልተነሣም። ማንም ያልተቀመጠበት።

«ለጥር ይደርሳል?» አልኩት።

«ጉምሩክ ካላዘገየው ለፋሲካ ሰርግ ይደርሳል» አለኝ።

ለፋሲካም ይሁን። ሰርግ በጥር ብቻ አይደለም። ብድሩን ደግሞ እማዬ ቤቷን ካስያዘችልኝ ባንኩ አይከለክለኝም። አማኑ ሲያየው ይወደዋል። ሳሪስ የሚያመላልሰው ነገርም አይኖርም። ባትሪው ራሱ አዲስ ነው።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 10

አቃቂ፣ እማዬ ቤት። አባቴ ፋብሪካ ውስጥ ሠርቶ የተወልን ቤት ነው፤ በእሱ ላይ ነው እንግዲህ የምለምናት። ምስር እየለቀመች ሰማችኝ።

«ያችን የሳሪሷንስ ምን ሆናችሁ ተዋችኋት?» አለችኝ።

«አሮጌ ናት፣ እማዬ።»

«ስንት ዓመቷ ነው?»

«ሠላሳ ቢሆናት ነው።»

እማዬ እጇን ከምስሩ ላይ አነሣች። «እኔ የጠየቅሁሽ መኪናዋን ነው» አለችኝ።

ፊቴን እሳት በላው። ቤቱን አስይዢልኝ የሚለውን ጉዳይ ሳልጨርስ ተነሣሁ። በር ድረስ ሸኘችኝ። «በላይነሽ የወለደቻት እንዲህ አልነበረችም» አለችኝ፣ ራሷን እንደ ሌላ ሰው እየጠራች። ደግ ስትሆን ነው እንዲህ የምትለው፤ ለዚህ ነው የባሰብኝ።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 16

ተጣላን። ቡልቻ ባለበት መሆኑ ነው ያሳፈረኝ። ሱቅ ድረስ መጥቶ «የሳሪሱን በደንብ ፈትሼዋለሁ፣ እንዳያመልጣችሁ፣ የገና በዓል እንዳለፈ ጨርሱ» አለን። እኔ የአዲሱን መኪና ፎቶ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት።

አማኑ ፎቶውን አይቶ ቀስ ብሎ መለሰልኝ። «መሲ፣ ይሄ ለጥር አይደርስም። ያገለገለ ይሻላል ብለሽ የጀመርሽው እኮ አንቺ ነሽ።»

«ሐሳቤን ቀየርኩ።»

«ለምን?»

ቡልቻ መኪናው ሥር የረሳው ነገር እንዳለ ሁሉ ወደ ውጭ ያያል። ዝም ማለት ይገባኝ ነበር። «አንተ ያገለገለ ነገር እንደምትወድ አላወቅሁም ነበራ» አልኩት።

ባሌ አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ጃኬቱን አንሥቶ ወጣ።

አሁን አልጋ ላይ ጀርባውን ሰጥቶኝ ተኝቷል። እንዲህ ዝም ያለኝ አምና ነው፤ ከሕፃናት ማሳደጊያ ልጅ አምጥተን እናሳድግ ሲለኝ «የሰው ልጅ አላሳድግም» ብዬ የመለስኩለት ዕለት። ያኔም ጃኬቱን አንሥቶ ወጥቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ደግሞ አላነሣውም። እኔም አላነሣሁበትም። የራሳችን ይመጣል ብዬ ነበር። ይህን ለምን አሁን እንደምጽፈው አላውቅም፤ ነገሩ የመኪና ነው።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 19

አማኑ መርሴዲሱን ይዞ ቡልቻ ጋራዥ ሲሄድ እኔ በሚኒባስ ሳሪስ ሄድኩ። በመንገዱ ሁሉ የምለውን ስለማመደው ነበር፤ ስለዚህ በር ላይ ቆሜ ስነግራት አልተንተባተብኩም።

«ባለቤቴ ልኮኝ ነው። መኪናውን ትተነዋል፣ አዲስ ልንገዛ ነው። እሱ ራሱ መጥቶ ሊነግርሽ ከብዶት ነው።»

ፊርዶስ ከላይ እስከ ታች አየችኝ። «ትናንት መጥቶ ነበር አሉኝ» አለች። «እንዲህ ማለቱን ግን አልነገሩኝም።»

ከዚያ «ግቢ» ብላኝ ወደ መኪናው ሄደች። ሸራውን ጎትታ ጣለችው። እሷ መሪው ጋ ተቀመጠች፣ እኔን ከጎኗ። ጣራው ክፍት ነበር፤ ፀሐይ እግራችን ላይ አረፈ። እንዴት እሺ ብዬ እንደገባሁ አላውቅም።

«ይሄን መኪና ሰው ሁሉ ቆንጆ ነው ይለኛል» አለች። «እኔ ጥቂት ቀን ነው የተሳፈርኩበት። ባሌ ቢሾፍቱ የሚሄደው ከሌላ ሴት ጋር ነበር። ተረኛ ሆኜ አድሬ በጠዋት ስገባ፣ የትም አልወጣሁም፣ ቤት ነው ያደርኩት ይለኛል። እኔ ኮፈኑ ላይ እጄን አሳርፋለሁ። ትኩስ ነው።»

ዓይኔን ወደ ኮፈኑ መለስኩ።

«አንድ ቀን የሥራ ልብሴን ሳላወልቅ በሚኒባስ ተከተልኩት። አቃቂ ላይ ጠፋብኝ። መንገድ ዳር ቆሜ ስመለከት ራሴን አላወቅሁትም። ከዚያ ታመመ፣ አስታመምኩት። ሞተ፣ አለቀስኩለት። የቀናሁት ግን አልወጣልኝም፤ ይኸው መኪናው ሲቆም ቅናቱም ከእኔ ጋር ቆመ።» ፊቷን ወደ እኔ አዞረች። «አንቺን የዛን ዕለት እሑድ ነው ያወቅሁሽ። ሰው መኪና ሊያይ መጥቶ መኪና ያያል። አንቺ የምታዪው እኔን ነበር።»

በሩን ከፍቼ ልወርድ ፈለግሁ። እጄ ግን መክፈቻውን አላገኘውም።

«ባልሽ የሚመጣው እኔ ሥራ ስውል ነው፣ እህቴ። ከእኔ ጋር አንድ ብርጭቆ ሻይ ጠጥቶ አያውቅም። የሚመጣው ለሰዓዳ ነው። ለልጄ።»

«ለልጅሽ?»

«አክስቴ አደሴ ናቸው የሚነግሩኝ። ኋላ ወንበር ላይ ያስቀምጣታል፣ እሷ ሙሽራ ትሆናለች፣ እሱ የሰርግ ጡሩምባ ይነፋላታል። ማስቲካዋን ወንበሩ ላይ ብትለጥፍ ራሱ ደውሎ እንዳትቆጫት አለኝ። ፀጉሯ ሲፈታ እሱ ነው የሚያስርላት።» ፈገግ አለች። «አስተሳሰሩ ግን አያምርም።»

መሳቢያዬ ውስጥ ያለው ሮዝ ላስቲክ ታየኝ።

ያኔ ልጅቷ መጣች። አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። በእኔ በኩል ቆማ በበሩ አናት አየችኝ። «ጋሼ አማኑስ?» አለችኝ።

«አልመጣም» አልኳት።

ከኋላዬ ያለውን ወንበር አየች፣ በሩን አየች፣ ከዚያ ወደ ቤት ተመለሰች። ለእኔ ሌላ ጥያቄ አልነበራትም።

ስወጣ ፊርዶስ በር ድረስ ሸኘችኝ። «አሁን ያልሽኝን አልሰማሁም» አለችኝ። «እሱ ራሱ መጥቶ ይንገረኝ።»

እሑድ፣ ታኅሣሥ 20

ሴት ብትሆን ኖሮ እችላት ነበር። እሰድባታለሁ፣ እናቴ ቤት እሄዳለሁ፣ ሽማግሌ ይመጣል፣ እታረቃለሁ። በአምስት ዓመት ልጅ ላይ ምን ይደረጋል?

ቅናት ነው ለማለት አፈርኩ። ሌላ ስም ስፈልግለት ዋልኩ፣ አላገኘሁም። በእነዚያ ሞተር በሚፈቱ ጣቶቹ የልጅ ፀጉር ሲያስር፣ ፊቱ ሲፈካ ዓይኔ ላይ ይመጣል። እኔ ፊት እንዲህ ያለ ፊት ኖሮት አያውቅም ብዬ አሰብኩ፤ ከዚያ ደግሞ ፊቱን አለማየቴ ትዝ አለኝ። እዚያ አልነበርኩማ።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 24

«የሳሪሱን እንግዛው» አልኩት።

ጥርሱን እየፋቀ ነበር። አቆመ። «ምን ተገኘ?»

«ምንም። ለጥር የሚደርሰው እሱ ነው።»

አላመነኝም፣ ግን አልመረመረኝም። አስመጪው ሲደውል ሐሳባችንን ቀይረናል አልኩት። ሳሪስ ሄጄ እንደነበር ለአማኑ አልነገርኩትም። ልነግረው አፌን ከፍቼ ነበር፤ እሱ ግን በደስታ ለቡልቻ መደወል ጀመረ።

ቅዳሜ፣ ጥር 3

መኪናውን ከሳሪስ ልናመጣ ሄድን። ሰዓዳ ኋላ ወንበር ላይ ወጥታ አልወርድም አለች። እናቷ ብትለምናት፣ አክስታቸው አደሴ በኦሮምኛ ቢቆጧት፣ ወይ ፍንክች። አላለቀሰችም፤ ዝም ብላ የወንበሩን ጠርዝ ይዛ ፊት ለፊቷን ታያለች። አማኑ ገብቶ አቀፋት። አንገቱን አንቃ ያዘችው። ግቢውን እንደዚያው አንድ ጊዜ ዞረባትና ለፊርዶስ ሰጣት።

እኔ አየሁት። ዓይኔን ሳልነቅል ነው ያየሁት። ቀናሁ፤ እዚህ ካልጻፍኩት የትም አልጽፈውም። ፊርዶስ እጄን ስትጨብጠኝ ጠበቅ አደረገችኝ። ከእንግዲህ ሴትየዋ አልላትም።

መንገድ ላይ አማኑ አቧራ ነው ብሎ ዓይኑን ጠረገ።

እሑድ፣ ጥር 18

ሥራ በሥራ። ዛሬ የገላን ሙሽሮች። ቬሎው መኪናው በር ላይ ተያዘ፣ ትንሽ ተቀደደ፣ እዚያው ሰፋሁት። ሰው ሁሉ ስለ መኪናው ይጠይቃል። ሙሽሪት ቆማ እጇን ስታውለበልብ የቃሊቲ ሕፃናት ሁሉ ተከተሏት። እነሱን አላይም ብዬ ሚዜዎቹን አየሁ።

እሑድ፣ ጥር 25

ሁለት ሰርግ ባንድ ቀን። እግሬ አብጧል። ያቺ ኅዳር ላይ ያመለጠችኝ ሙሽራ ተመልሳ መጣች። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

አማኑ አያፏጭም።

እሑድ፣ የካቲት 9

መኪናው እጃችን ከገባ ሳሪስ የሚወስደው ምክንያት የለም። ስለዚህ አይሄድም። ሙሽሮቹን አድርሶ ይመጣል፣ መኪናውን ያጥባል፣ ይተኛል። ዛሬ የኋላውን ወንበር ሲያጥብ ስንጥቁ ጋ ሲደርስ ጨርቁን ይዞ ቁጭ ብሎ ቀረ። መስኮቱ ላይ ሆኜ ነው ያየሁት። ይሄ ነው የፈለግሁት? ልጅቷም የለችም፣ እሱም የለም።

ፈርቼ ነው እንጂ ጨክኜ አልነበረም የሰው ልጅ አላሳድግም ያልኩት። ይወዳታል ብዬ ፈራሁ። ከእኔ አብልጦ ይወዳታል፣ እኔ ደግሞ ከጎን ቆሜ እንግዳ እመስላለሁ ብዬ። እንኳን መጥታ፣ ሳትመጣም ደረሰብኝ።

እሑድ፣ የካቲት 16

የመጨረሻው ሰርግ። ነገ ሁዳዴ ነው። ሙሽሮቹን ካደረስን በኋላ አበባውን ከኮፈኑ ላይ ፈታንና ፊት ወንበር ላይ ገባሁ። በዚህ መኪና ፊት ወንበር ተቀምጬ አላውቅም ነበር፣ ከፊርዶስ ጋር ካወራንባት ቅዳሜና መኪናውን ካመጣንባት ቀን በቀር።

«ወደ ቱሉ ዲምቱ ንዳኝ» አልኩት።

«ምን ልናደርግ?»

«ዝም ብለህ ንዳኝ።»

ከአቃቂ ካለፍን በኋላ ነው አፌ የተከፈተልኝ። «አምና ያልከኝን ድገመው።»

«ምኑን?»

«ልጅ አምጥተን እናሳድግ ያልከኝን።»

መሪውን በሁለት እጁ ያዘ። «ትቼዋለሁ እኮ፣ መሲ። አንቺ ካልፈለግሽ ትቼዋለሁ።»

«አልተውከውም። ሳሪስ ምን ትሠራ እንደነበር አውቃለሁ። ፊርዶስ ነግራኛለች።» ከዚያ ሁሉንም ነገርኩት። በእሱ ስም ዋሽቼ መኪናውን አንፈልግም ማለቴን፣ ላስቲኩን፣ አስመጪውን፣ የእማዬን ቤት።

መኪናውን መንገድ ዳር አቆመው። ሞተሩን አጠፋ። «ከእሷ ጋር መስሎሽ ነበር?»

«አዎ።»

«ከልጅቷ ጋር መሆኑን ስትሰሚስ?»

«ባሰብኝ» አልኩት። «አንተ አትድገመው እንግዲያው፣ እኔ ልበለው። ልጅ እናሳድግ፣ አማኑ። እቀናባት ይሆናል፣ አላውቅም። አንተ ግን ፀጉሯን ስታስርላት እኔ እዚያ ልሁን።»

ግንባሩን መሪው ላይ ደፋ፣ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ባሌ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም፤ አባቱ ሲሞት እንኳ ጓሮ ሄዶ ነው። እጄን ማጅራቱ ላይ አሳረፍኩ። ከቃሊቲ የሚመጡት ሚኒባሶች እኛ ጋ ሲደርሱ ዝግ እያሉ ያልፋሉ፣ ተሳፋሪው በሙሉ በመስኮት እየተንጠራራ ያየናል፤ ሪባኑ ገና ያልተፈታ የሰርግ መኪና፣ አልቅሳ ዓይኗ ያበጠ ሴት፣ መሪ ላይ ተደፍቶ የሚያለቅስ ትልቅ ሰው።

ጣራውን ዝጋው ልለው ነበር። አላልኩትም።